ማይክሮቶፕስ ሁለት፦ ፒናቱቦን የሚያይ፣ ናብሮን የማያይ የእጅ መሣሪያ

ማይክሮቶፕስ ሁለት ሶላር ላይት የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ የሠራው የፀሐይ ፎቶሜትር ነው። በአንድ እጅ ይያዛል፣ 600 ግራም ገደማ ይመዝናል፣ በአራት ትንንሽ ባትሪ ድንጋይ ይሠራል። ሥራው አንድ ነው፤ ከፀሐይ በቀጥታ የሚመጣው ብርሃን መንገድ ላይ ባለ ብናኝ ምን ያህል እንደተቀነሰ በቁጥር መናገር። ለአቧራ፣ ለጭስና ለከተማ ብክለት በጣም ጥሩ መሣሪያ ነው። እንደ ፒናቱቦ ያለ ከባድ እሳተ ገሞራ የላይኛውን ሰማይ ሲሸፍንም ያሳያል። እንደ ናብሮ ያለውን አነስ ያለ ፍንዳታ ግን አያሳይም። ይህን ልዩነት ሳይረዱ የገዙት ሰዎች ወይ መሣሪያውን ያለ ጥፋቱ ይወቅሱታል፣ ወይ ደግሞ ሊሸከመው የማይችለውን መደምደሚያ ያሸክሙታል።

ይህ ቁጥር በሙያው ኤኦዲ (ብናኙ ብርሃንን የሚጋርድበት መጠን) ይባላል። ፀሐይ አናት ላይ ሳለች ኤኦዲው 0.1 ከሆነ፣ ቀጥታ ብርሃኑ በብናኙ ምክንያት 10 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። 0.5 ከሆነ 40 በመቶ ገደማ፣ 1 ከደረሰ ደግሞ ከሦስት እጁ ሁለት እጁ ገደማ ይጠፋል። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ብርሃኑ የሚያቋርጠው አየር ስለሚወፍር ቅነሳው ይብሳል። መሣሪያው የፀሐይን ቦታ ከቀኑ፣ ከሰዓቱና ከአካባቢው አስልቶ ይህን ውፍረት ራሱ ያካክሳል። ለዚህ ነው ከቆሸሸ መስታወት ይልቅ የተሳሳተ ሰዓት ብዙ መረጃ የሚያበላሸው፤ እመለስበታለሁ።

“ቀጥታ ብርሃን” የሚለው ላይ ግን ትንሽ ልቆይ፤ ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ከፀሐይ ጨረር የተቀነሰው ሁሉ ጠፍቶ አይቀርም። አብዛኛው በብናኙ ተበትኖ ከሌላ የሰማይ ክፍል ወደ መሬት ይደርሳል፤ ሰማዩ ሰማያዊነቱ ቀርቶ የሚነጣውም በዚህ ነው። ስለዚህ የሶላር ፓነል የምትተክሉ ሰዎች ኤኦዲው 0.5 ስላለ ብቻ 40 በመቶ ኃይል ቀረ ብላችሁ ለደንበኛ አትንገሩ። ጠፍጣፋ ፓነል የተበተነውንም ብርሃን ይጠቀማል፣ የሚቀርበት ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። በመስታወት ብርሃን እየሰበሰበ የሚሠራ ጣቢያ ግን ቀጥታውን ብቻ ስለሚያገኝ ሙሉውን ጉዳት ይቀምሳል።

የላይኛው ከባቢ አየር ብናኝ ከታችኛው የሚለየው በዕድሜው ነው። መሬት አጠገብ ያለ አቧራና ጭስ ዝናብ ያወርደዋል፤ በአማካይ ከሳምንት ብዙም አይቆይም። በእኛ አካባቢ ከ16 ወይም 17 ኪሎ ሜትር በላይ በሚጀምረው ስትራቶስፌር ውስጥ ግን ዝናብ የለም። እዚያ የሚደርሰው የእሳተ ገሞራ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ በሳምንታት ውስጥ ወደ ሰልፈሪክ አሲድ ጠብታነት ይለወጥና አንድ ሁለት ዓመት ይንሳፈፋል። ጠብታዎቹ ከአንድ ማይክሮሜትር ያነሱ ናቸው፤ መጠናቸው ከሚታየው ብርሃን ሞገድ ጋር ስለሚቀራረብ የፀሐይን ብርሃን በደንብ ይበትናሉ፣ ከመሬት የሚወጣውን ሙቀት ግን ያን ያህል አያግዱም። ውጤቱ ከታች ቅዝቃዜ፣ እዚያው ላይ ደግሞ ሙቀት ነው። በፊሊፒንስ የሚገኘው ፒናቱቦ እ.ኤ.አ. ሰኔ 15 ቀን 1991 ሲፈነዳ ከ15 እስከ 20 ሚሊዮን ቶን ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ወደ ላይ ወረወረ። የስትራቶስፌሩ ኤኦዲ በዓለም አማካይ 0.15 ገደማ ደረሰ፣ በቀጣዩ ዓመት የምድር ሙቀት በ0.5 ዲግሪ ገደማ ወረደ። እንዲህ ያለውን ጭማሪ በደንብ የተያዘ ማይክሮቶፕስ በቀላሉ ያሳያል።

አሁን ወደ ቤታችን እንምጣ። በኤርትራ የአፋር ምድር ከእኛ ድንበር አጠገብ ያለው ናብሮ በሰኔ 2003 ዓ.ም. ሲፈነዳ ከፒናቱቦ ወዲህ ወደ ስትራቶስፌር ከፍተኛ ሰልፈር ካስገቡት አንዱ ሆነ። ሰልፈሩ ግን ከፒናቱቦው አንድ አሥረኛ ገደማ ነበር፣ በስትራቶስፌሩ ኤኦዲ ላይ የጨመረውም በመቶኛ ቤት የሚቆጠር ነው። የማይክሮቶፕስ የራሱ ስህተት በጥሩ አያያዝ 0.02 ገደማ ነው። ሚዛኑ ከሚሳሳተው ያነሰ ዕቃ በዚያው ሚዛን አይመዘንም። ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. በአፋር የፈነዳው ሃይሊ ጉቢም ሌላ ትምህርት ይሰጣል። አመዱ ወደ 14 ኪሎ ሜትር ገደማ ወጥቶ በየመንና በኦማን በኩል እስከ ፓኪስታንና ሰሜን ሕንድ ተጉዟል። ደመናው በቀጥታ በሚያልፍበት ቦታና ሰዓት መሣሪያውን ፀሐይ ላይ ያነጣጠረ ሰው ጭማሪውን ያያል። አዲስ አበባ ላይ ቆሞ ከሳምንታት በኋላ ዱካውን መፈለግ ግን ድካም ነው። አብዛኛው ከስትራቶስፌር በታች ስለነበር የተለመደው የአየሩ ጽዳት ያነሳዋል።

መሣሪያው ከካርቶኑ ሲወጣ መጀመሪያ ሰዓቱን አስተካክሉ። የሚፈልገው የግሪንዊች ሰዓትና የፈረንጅ ቀን ነው። ለእኛ ሰው ወጥመዱ ድርብ ነው። የእጅ ሰዓታችን ጠዋት 3 ሰዓት ሲል፣ በፈረንጅ አቆጣጠር 9 ሰዓት፣ በግሪንዊች ደግሞ 6 ሰዓት ነው። ለቀን ልኬት ቀላሉ ዘዴ በእኛ ሰዓት ላይ 3 መደመር ነው። በመጋቢት አጋማሽ አዲስ አበባ ላይ ጠዋት 3 ሰዓት ስትለኩ መሣሪያው ውስጥ 9 ሰዓት ብላችሁ ካስገባችሁ፣ እሱ የሚያስበው ቀትር ደርሷል ብሎ ነው። እውነተኛው የአየር ውፍረት ከቀጥታው 1.7 እጥፍ ገደማ ሲሆን መሣሪያው 1 ገደማ አድርጎ ይወስደዋል። በ500 ናኖሜትር (መሣሪያው ከሚለካቸው የብርሃን ሞገዶች በአንዱ) እውነተኛው ኤኦዲ 0.15 ቢሆን ስክሪኑ ላይ 0.32 ገደማ ይወጣል፤ በንጹሕ ሰማይ ላይ የሌለ ብክለት ታገኛላችሁ ማለት ነው። የጥቂት ደቂቃ ስህተትም ቀላል አይደለም። ፀሐይ ከአድማስ 11 ወይም 12 ዲግሪ ላይ ሳለች የአንድ ደቂቃ ስህተት ጠቅላላ ልኬቱን በ2 በመቶ ያዛባል። ከስልካችሁ ጋር በየሳምንቱ አመሳክሩት፣ ከተቻለም ጂፒኤስ አገናኙት።

ቀጥሎ የአየር ግፊት። ንጹሕ አየርም ራሱ ብርሃን ይበትናል፤ መሣሪያው ውስጡ ባለው የግፊት ሴንሰር ይህን አስልቶ ይቀንሳል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ስለምትል ግፊቷ 770 ሚሊባር ገደማ ነው። ከአየር ማረፊያ የሚነገረው ቁጥር ግን ወደ ባሕር ወለል የተመለሰ ነው፣ ከ1,000 ይበልጣል። ሴንሰሩን በዚያ ቁጥር “ላስተካክል” ያለ ሰው መሣሪያው ከልክ በላይ እንዲቀንስ ያደርገዋል። በ440 ናኖሜትር ስህተቱ 0.06 ገደማ ነው። ንጹሕ በሆነ የጥቅምት ጠዋት ይህ ከእውነተኛው ኤኦዲ ሊበልጥ ስለሚችል ውጤቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል። በ870 ናኖሜትር ያው ስህተት 0.004 ብቻ ነው። ስለዚህ ሰማያዊው ቻናል (የ440ው ንባብ) ከዜሮ በታች ወርዶ ቀዩ (የ870ው) ደህና ከሆነ መጀመሪያ ግፊቱን ተጠራጠሩ።

አለካኩ እንዲህ ነው። መሣሪያውን የምታበሩት ክዳኑ እንደተዘጋ መሆን አለበት፤ ሲበራ የጨለማውን ዜሮ ይመዘግባልና። ክዳኑ ተከፍቶ ከበራ ብርሃንን እንደ ዜሮ ይይዝና የዚያ ዙር ልኬት በሙሉ ይበላሻል። ምንም ማስጠንቀቂያ ላይታያችሁ ስለሚችል ይህን ልማድ አድርጉት። ከዚያ ፀሐይን ፊት ለፊት ቁሙ፣ በሁለት እጅ ያዙት፣ ክርናችሁን ከጎናችሁ ጋር አጣብቁ። ፀሐይን በዓይናችሁ አትፈልጉ። ከላይ ባለችው ትንሽ መስኮት ውስጥ አንዲት ነጭ የብርሃን ነጥብ ትንቀሳቀሳለች፤ ዓይናችሁ እሷ ላይ ብቻ ይሁን። ነጥቧ መስቀለኛው መስመር መሃል ስትገባ ክዳኑን ከፍታችሁ ቁልፉን ተጫኑ፣ ድምፁ እስኪሰማ ድረስ ትንፋሻችሁን ያዙ። እጅ ትንሽ ሲርገበገብ ነጥቧ ከመስመሩ ወጥታ ስትመለስ ይታያል። በዚያች ቅጽበት ወደ ሴንሰሩ የሚገባው ብርሃን ይቀንሳል፣ ኤኦዲውም ሳይጨምር የጨመረ ይመስላል።

ከዚህ የሚወጣው ሕግ ለዚህ መሣሪያ ከሁሉም በላይ ጠቃሚ ነው። የእጅ መንቀጥቀጥም ሆነ ያልታየ ስስ ደመና ሁለቱም ኤኦዲን ከፍ ያደርጋሉ፤ ዝቅ አያደርጉም። ስለዚህ በተከታታይ አምስት ጊዜ ለኩና ዝቅተኛውን ውሰዱ። አማካይ አትውሰዱ። አምስቱ ውስጥ ዝቅተኞቹ ሦስቱ በ0.02 ውስጥ ካልተቀራረቡ ጥቂት ደቂቃ ቆይታችሁ ድገሙት። መሣሪያው ራሱም በአንድ ጭነት ብዙ ናሙና ወስዶ ከፍተኛ ብርሃን ያላቸውን ይመርጣል። ቅንብሩ ውስጥ ገብታችሁ ከፍተኛውን አንዱን ብቻ እንዲይዝ ማድረግ በተለይ በነፋስ ወይም በሚናወጥ ጀልባ ላይ በጣም ይረዳል።

ስስ የበረዶ ደመና የዚህ ሥራ ዋና ጠላት ነው። ቀጥ ብሎ ሲታይ ሰማዩ ብራ ይመስላል። የቤት ጥግ ወይም የመብራት ምሰሶ ፀሐይዋን እስኪጋርድላችሁ ቁሙና ዙሪያዋን ተመልከቱ። ጭረት ጭረት ያለ፣ እንደ ባዘቶ የሳሳ ነገር ካለ ያን ቀን ተዉት። ቁጥሩ ብቻ አያድናችሁም፤ ስስ ደመናም አቧራም አምስቱን ቻናል እኩል ገደማ ይቀንሳሉ።

ብናኙ ምን ዓይነት እንደሆነ የሚነግረውም ይኸው የቻናሎቹ ልዩነት ነው። የተለመደው ቅንብር 440፣ 500፣ 675፣ 870 እና 936 ናኖሜትር ሲሆን የመጨረሻው ለውኃ ትነት ነው። የ440ውን ኤኦዲ ለ870ው አካፍሉ፣ የውጤቱን የተፈጥሮ ሎጋሪዝም ለ0.68 አካፍሉ። ለምሳሌ 0.42 እና 0.16 ካገኛችሁ ውጤቱ 1.4 ነው፤ ይህ ጭስ ወይም የመኪና ብክለት ነው። ያው 0.42 በ440 ሆኖ 870 ላይ 0.36 ከሆነ 0.23 ይወጣል፤ አቧራ ነው። የጠዋት የማገዶ ጭስና ከቀይ ባሕር ማዶ ወይም ከአፋር የሚነሳ አቧራ በዚህ ቁጥር ብቻ ጥርት ብለው ይለያሉ። ይህን የሚያህል መረጃ ከአንድ የእጅ ዕቃ ማግኘት ትልቅ ነገር ነው፤ ለዩኒቨርሲቲ ላቦራቶሪም ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትም ያለማመንታት የምመክረው በዚህ ምክንያት ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ፦ ኤኦዲው ራሱ ከ0.1 በታች ሲሆን ይህን ስሌት አትመኑት። የ0.02 ስህተት ለሁለት ትንንሽ ቁጥሮች ክፍፍል በጣም ብዙ ነው።

ዋናው ድካም ካሊብሬሽኑ (ንባቡን ከትክክለኛው ጋር ማመሳከሩ) ነው። እያንዳንዱ ቻናል ፊት ጠባብ ቀለም ብቻ የሚያሳልፍ ፊልተር አለ፣ ፊልተር ደግሞ ያረጃል። መሣሪያው ከከባቢ አየር በላይ ቢወጣ ያነበው ነበር የሚባለው ቁጥር በ1 በመቶ ከተዛባ፣ ፀሐይ አናት ላይ ሳለች ኤኦዲው በ0.01 ይሳሳታል። 5 በመቶ ሲሆን 0.05 ነው፤ ይሄኔ ንጹሕ ቀን የሚባል ነገር ከመዝገባችሁ ይጠፋል። ስህተቱን የምታውቁበት ምልክት አለ። ይህ ስህተት ብርሃኑ በሚያቋርጠው የአየር ውፍረት ስለሚካፈል ቀትር ላይ ይጎላል፣ ጠዋትና ማታ ይቀንሳል። በየብራው ቀን ኤኦዲያችሁ ቀትር ላይ እንደ ጉብታ ከፍ የሚል ከሆነ፣ ያ የሰማዩ ጠባይ ሳይሆን የፊልተሩ እርጅና ወይም የመስታወቱ ቆሻሻ ነው። መጀመሪያ መስታወቱን አጽዱ። በጎማ መንፊያ አቧራውን አራግፉ፣ ከዚያ በሌንስ ወረቀት ጥረጉ። በነጠላ ጫፍ ወይም በሸሚዝ እጅጌ አትንኩት፤ በጨርቁ ላይ የቀረች አንዲት የአሸዋ ቅንጣት መስታወቱን ትጭረዋለች።

ጉብታው ካልጠፋ በዓመት አንዴ ከታመነ መሣሪያ ጋር ጎን ለጎን ማስተያየት ወይም ራሳችሁ ከፍታ ቦታ ላይ መለካት ያስፈልጋል። ዘዴው ፀሐይ ስትወጣ የአየር ውፍረቱ ከ5 ወደ 2 እስኪወርድ በየጥቂት ደቂቃው ማንበብ፣ የብርሃኑን ሎጋሪዝም ከውፍረቱ ጋር መሳልና መስመሩን ወደ ዜሮ ውፍረት ማራዘም ነው፤ እዚያ የሚገኘው መሣሪያው ከከባቢ አየር በላይ ያነበው ነበር የተባለው ቁጥር ነው። በእኛ ኬክሮስ ይህ አንድ ሰዓት ከሩብ ገደማ ይወስዳል። የዓለም ዋና መሣሪያዎች ይህን ሲያደርጉ የኖሩት ሃዋይ ውስጥ ማውና ሎአ ተራራ ላይ፣ 3,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። ለእኛ በመኪና የሚደረስ ጥሩ ቦታ የባሌው ሳነቲ አምባ ነው፤ 4,000 ሜትር ገደማ ነው፣ አብዛኛው አቧራና ጭስ ከሥር ይቀራል። አንድ ጠዋት ግን አይበቃም። ቢያንስ አምስት ስድስት ንጹሕ ጠዋት ይዛችሁ ነጥቦቹ ከመስመሩ የሸሹበትን ቀን ጣሉ።

ብናኙ ከላይ ይሁን ከታች መሣሪያው አይለይም። ከጫማችሁ እስከ ሕዋ ያለውን ሁሉ በአንድ ቁጥር ደምሮ ይሰጣል። ይህን በከፊል የሚያካክስ ርካሽ ዘዴ አለ፤ በአንድ ሰዓት ሁለት ሰው፣ አንዱ መሃል ከተማ፣ ሌላው 3,200 ሜትር ገደማ ላይ ባለው እንጦጦ ይለኩ። ልዩነቱ በመካከል ያለው የከተማ አየር ነው፤ እንጦጦ ላይ የቀረው ደግሞ ከዚያ በላይ ያለው ነው። እንጦጦ ላይ የባሕር ዛፍ ቅጠል የሚነድበትን ሰዓት ሽሹ። ከዚያ በላይ ለመለየት ከሕዋ የሚለኩ መሣሪያዎችን ወይም ሊዳርን (የሌዘር ጨረር ልኮ ከየከፍታው የሚመለሰውን የሚለካ መሣሪያ) መጠቀም ግድ ነው። በዓይን የሚታይ አንድ ምልክትም አለ። ስትራቶስፌር በብናኝ ሲሞላ ፀሐይ ከጠለቀች ከ15 እስከ 30 ደቂቃ በኋላ ምዕራቡ ሐምራዊ ይሆናል፤ መሬቱ ጨልሞም ከፍታው ላይ ያለው ሽፋን ገና ፀሐይ ይመታዋልና። ኤኦዲው ከፍ ብሎ ይህ ቀለም ከሌለ ብናኙ ከታች መሆኑን አጥብቃችሁ ጠርጥሩ።

በዓለም ዙሪያ የፀሐይ ፎቶሜትር ጣቢያዎችን ከያዘው ከናሳው የኤሮኔት መረብ ጋር ለማነጻጸር ለምትፈልጉ፦ እዚያ የሚሠራው የፈረንሳዩ ሲሜል በራሱ ፀሐይን እየተከታተለ ቀኑን ሙሉ ይለካል፣ የሚያየውም 1.2 ዲግሪ ብቻ ነው። ማይክሮቶፕስ 2.5 ዲግሪ ያያል። ስለዚህ ከባድ አቧራ ባለበት ቀን ከፀሐይዋ ዙሪያ የሚበተነው ብርሃንም ይገባበትና ኤኦዲውን ትንሽ ዝቅ አድርጎ ይሰጣል። የኤሮኔት መረጃ በነፃ ይገኛል፤ በአቅራቢያችሁ ጣቢያ ካለ መጀመሪያ እሱን ተጠቀሙ። ማይክሮቶፕስ የሚያሸንፈው ጣቢያ በሌለበት፣ በመኪናና በመርከብ ላይ ነው። ናሳ ራሱ ለባሕር ላይ ልኬት መርከበኞችን የሚያስይዘው ይህንኑ ነው።

ትንንሽ ጉድለቶችም አሉት። መረጃ የሚወጣው በድሮው ዘጠኝ እግር ሲሪያል ገመድ ስለሆነ ለዛሬ ላፕቶፕ መቀየሪያ መግዛት ግድ ነው። ማኅደሩ 800 ልኬት ይይዛል፤ በቀን ስምንት ዙር አምስት አምስት ብትለኩ በ20 ቀን ይሞላል። ከ50 ዲግሪ በላይ እንዲሠራ አልተሠራም፤ ዳሎል ላይ በቆመ መኪና ዳሽቦርድ ላይ ከተዋችሁት ከዚያ ያልፋል። 1020 ናኖሜትር ያለውን ሞዴል ከመረጣችሁ ያ ቻናል ከሌሎቹ ይልቅ ለሙቀት ስስ መሆኑን እወቁ፤ ብርሃን የሚቀበለው የሲሊኮን ሴንሰር እዚያ ጠርዝ ላይ ይደክማል።

አዲሱ ዋጋው በሺዎች በሚቆጠር ዶላር ነው፣ ስለዚህ ብዙ ሰው ያገለገለ ይፈልጋል። ያገለገለ ስትገዙ የመጨረሻው ካሊብሬሽን መቼና የት እንደተደረገ በወረቀት ጠይቁ። ክዳኑ ተዘግቶ ሲበራ አምስቱም ቻናል ዜሮ አጠገብ መሆናቸውን፣ መስታወቱ አለመጫሩን፣ የግፊቱ ቁጥር ከከተማችሁ ከፍታ ጋር መመጣጠኑን እዩ። ከዚያ በአንድ ብራ ቀን ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት በየግማሽ ሰዓቱ ለኩበት። የቀትር ጉብታው ካለ የዋጋው ድርድር ከአዲስ ፊልተርና ካሊብሬሽን ወጪ ይጀምር።